ጆሮዋ ታይቷል

«አባትየውም አይሰማም፤ ልጅቷ ከየት ታምጣው?»

ይህን ያለኝ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ሰዓቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ። ከጸሐፊዋ ራስ በላይ የተሰቀለው ሰዓት አምስት ደቂቃ እንደሚቀድም ስለማውቅ አምስቱን ቀንሼ ነው የምናገረው። ቢሮው ውስጥ አራት ሰው ነበርን። ጸሐፊዋ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ግን አይቻለሁ። ተራ ይጠብቅ የነበረ ከረባት ያሰረ ሰውዬም ሳቀ። እሱን አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም። በማያውቁት ሰው መሳቅ ምን የሚሉት ጨዋታ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ደግሞ ልብ በሉልኝ። ከረባት ያሰረውን «እርስዎ ትንሽ ይታገሡኝ» አለው። እኔን «አንተ»። በዕድሜ ብበልጠው እንጂ አላንሰውም። እሱ ኮት ለብሷል፣ እኔ የሥራ ቱታዬን እንደለበስኩ ነበርኩ። ልዩነታችን ይኸው ነው።

የሰው ስም ይጠፋኛል። ትናንት የለካሁት በር ስንት በስንት እንደሆነ ይጠፋኛል። ስድብ ግን ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነተናጋሪው ሸሚዝ ቀለም አብሮኝ ይኖራል። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የቋንቋ መምህሬ «አንተንና ፊደልን ማን አጣላችሁ?» ብሎ ክፍሉን ሙሉ አስቆብኛል፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር። በዓመቱ ትምህርቱን ተውኩት። የሚስቴ አባት ደግሞ «እኔ ሴት ልጅ ያሳደግኩት ለብረት ቀጥቃጭ ነው?» ብለዋል። ዛሬ በራቸውም መስኮታቸውም የእኔ የእጅ ሥራ ነው፤ ቃሉን ግን አላነሱትም። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ጭንቅላትህን መጋዘን አደረግከው እኮ» ትለኛለች። ይሁን። መጋዘን ቢሆንም የራሴ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እዚያ ቢሮ ምን ልሠራ ሄድኩ?

ሥራዬ ብየዳ ነው። በር፣ መስኮት፣ ፍርግርግ፣ የጣሪያ ብረት እሠራለሁ። ቤታችን ከሥራ ቦታዬ ጋር በአንድ ግድግዳ የተለየ ነው። አንዲት ልጅ አለችን። ጢኒኖ እንላታለን፤ ስትወለድ ክንዴን አትሞላም ነበርና። አሁን አሥር ዓመቷ ነው፣ አራተኛ ክፍል። ሒሳብ ላይ እሳት ናት። ከአንድ ላሜራ ስንት የበር ገበታ እንደሚወጣ እኔ በሜትር ስዳክር እሷ በቃሏ ጨርሳ ትጠብቀኛለች። ከትምህርት ቤት የሚመጣብን ወሬ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አትሰማም።

አትሰማም ማለት ምን እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ተይ ሲሏት የማትተው፣ ነይ ሲሏት የማትመጣ ማለት ነው። እኔም ብዬዋለሁ። እናቷም ብላዋለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለች ልጅ እያልን ስንቱን ቀን አማርረናል።

ከዚያ ሐሙስ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ ማክሰኞ ማለት ነው፣ ከትምህርት ቤት ተደወለ። ቱቦላሬ ብረት ቆርጬ ገና አልበየድኩም። እንዲያው ጥዬው ሄድኩ። የበያጅ ዓይን ጠዋት ጠዋት አሸዋ የነሰነሱበት ነው፤ ያንን እያሻሸሁ ገባሁ። ጸሐፊዋ አንድ ወረቀት ወደ እኔ አዞረች። ጥፍሯ ቀይ ነው፣ ረዥም ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«የልጅህ ጉዳይ ነው። ባለፈው የክፍል ኃላፊዋ ነግራሃለች አይደል? እንደሰማህ እዚህ ጋ ፈርም።»

የክፍል ኃላፊዋ የነገረችኝ ልጅቷ እንደማትሰማ ነው። ሰምቻለሁ። ወደ ወረቀቱ አጎነበስኩ። የጸሐፊዋ ጣት የመጨረሻው መስመር ላይ አርፏል። ከጣቷ ወዲህ የታየኝ «…ምቻለሁ» የሚል ነው። የተሸፈነውን እኔው «ሰ» ብዬ ሞላሁትና ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ አጥፋ በእጄ ሰጠችኝ።

ቤት ስገባ ምሳ ላይ ሚስቴ ዘረጋችው። እሷ ስምንተኛ ጨርሳለች፤ ጮክ ብላ ነው የምታነበው።

«…ልጄ ከሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ወደ ልዩ ክፍል እንድትዛወር ተስማምቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ ነው የሚለው» አልኳት።

«ተ፣ ስ፣ ማ፣ ም፣ ቻ፣ ለ፣ ሁ።» እያንዳንዷን ፊደል በማንኪያው ጫፍ እየነካች ቆጠረችልኝ። «የጠፋህ ፊደሉ ነው ወይስ ልቡናህ?»

ይቺም ተቀምጣለች፤ ማክሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል።

ልዩ ክፍል የሚሉትን አውቀዋለሁ። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ የተሰበረ ወንበር የሚጣልበት ክፍል ነበር፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ። በሩን ስገጥም ምክትሉ መጥቶ «መቀርቀሪያውን በውጭ በኩል አድርገው» አለኝ። በውጭ አደረግኩት። ለምን አላልኩም። የማያይ፣ የማይራመድ፣ የማይናገር፣ አሥራ አንድ ልጅ አንድ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ቀለም ይቀባል። የምትጠብቃቸው ሴትዮ ደግ ሴት ናት፣ ግን አስተማሪ አይደለችም፤ ሹራብ ትሠራለች። ጢኒኖ እዚያ ገባች ማለት የማባዛት ሠንጠረዡ እዚያ አለቀ ማለት ነው። መንፈቁ ሊያልቅ የቀረው ደግሞ ሦስት ሳምንት።

ከዚያ በኋላ እጄ ከእኔ ጋር አልነበረም። ብረት እቆርጣለሁ፤ ለማን እንደሆነ ይጠፋኛል። ጭምብሌን ሳላወርድ ልበይድ ስል ደግሞ ዓይኔን አቃጥለዋለሁ። ተቀመጥኩ ስል ቆሜ እገኛለሁ። ሚስቴ «ምነው እንደ ተነካ ንብ ዞርክ?» ትላለች።

በማግስቱ ረቡዕ አንዲት ጡረተኛ መምህርት የመስኮት ፍርግርጓን ልትወስድ መጣች። እትዬ ነው የምላት። ፍርግርጉን አምስት ሳንቲ አሳጥሬዋለሁ።

«ይሄ ለመስኮቴ ነው ለኪሴ?» አለች።

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን ስለ ልጄ ነው። ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን ከፍ አድርጋ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

«አትሰማም የሚሏት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከአንደኛ ክፍል።»

«ጆሮዋ ተለክቷል?»

«ጆሮ እንደ ላሜራ ይለካል እንዴ እትዬ?»

«ይለካል የእኔ ልጅ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት መስማት የተሳናቸውን ልጆች ነው።»

ልጄ ደንቆሮ አይደለችም አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ እኔ ቀስ ብሎ መናገር አላውቅበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ብረት ስቆርጥ የራሴም ጆሮ ግማሹ ሄዷል። እኛ ቤት የሚንሾካሾክ ሰው የለም። ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ ጉሮሮ ይጠይቃል። እናቷም ከእኔ ጋር ስትኖር ድምጿ ወፍሯል። እስቲ በእንዲህ ያለ ቤት የማይሰማ ማን አለ? ጢኒኖ ስንጠራት ትመጣለች፣ ስንልካት ትሄዳለች፣ ስንቀልድ ትስቃለች።

እትዬ ሁሉንም ሰማችኝ። ከዚያ «ከግድግዳው ማዶ ሆኜም እሰማሃለሁ፤ አትጩህ» አለችና ቀስ ብላ «እሷን እንደዚህ አድርገህ አናግረሃት ታውቃለህ?» ብላ ሄደች።

ተናድጄ ነበር። አሽሟጠጠችኝ ብዬ ደምድሜያለሁ። ግን አላስቀምጥ አለኝ። ጢኒኖ ለምሳ ስትመጣ የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አጠፋሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ደጃፉ ላይ ደብተሯን ዘርግታለች። ሦስት እርምጃ ቀርቤ፣ ሰው እንደሚያወራው አድርጌ «ጢኒኖ» አልኩ። ዝም። «ጢኒኖ፣ ከረሜላ ላምጣልሽ?» አልኩ። ይቺ ልጅ የከረሜላ ነገር ከሆነ ከጎረቤት ግቢ ትሸታለች። እርሳሷን ልሳ ስድስት ቁጥር ጻፈች። «ከረሜላ!» ብዬ ጮህኩ። ዞረችና «የታለ?» አለችኝ።

ከረሜላ የለኝም ነበር። ሄጄ ገዛሁላት።

ባለፈው ዓመት ግድግዳ ላይ ያስደገፍኩት ላሜራ ሲንሸራተት ከኋላዋ ሆኜ «ሽሺ!» ብያት ነበር፤ ግራይንደሩ እየሠራ። አልሸሸችም። ዘልዬ ጎትቼ አወጣኋት፤ ከዚያ በጥፊ መታኋት። «ስነግርሽ አትሰሚም?» እያልኩ። ያቺን ጥፊ ማን እንደያዛት አላውቅም። እኔ የምይዘው የራሴን ብቻ ነው።

ከሰዓት ቱታዬን ሳላወልቅ እትዬ ቤት ሄድኩ። ስለ ጥፊው አልነገርኳትም። ከመሳቢያዋ አንድ ስስ መጽሐፍ አወጣች። ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የወጣው መመሪያ ነው። እሷ ታነብልኛለች ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ ገፋችው።

«አንብብ።»

«እኔ?»

«መብቱ ያንተና የልጅህ ነው፤ የእኔ አይደለም።»

አነበብኩ። አንዳንዱን መስመር ሦስቴ። ልጅ ሳትመረመር ከክፍሏ አትነሳም ይላል። ወላጅ የልጁን ፋይል ከፍቶ የማየትና የመገልበጥ መብት አለው ይላል። ስለ ልጁ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ይናገራል እንጂ ውሳኔው ተጠቅልሎ አይሰጠውም ይላል። የፈረመ ወላጅ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ፊርማውን ማንሳት ይችላል፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ ካለበት ክፍል አይንቀሳቀስም ይላል። ይቺ ጋ ስደርስ ሁለቴ አነበብኳት። ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

«ማመልከቻውን ይጻፉልኝ» አልኳት።

«አልጽፍም። እኔ ከጻፍኩት ከእኔ ጋር ነው የሚነጋገሩት። ፊደልህ ቢንጋደድም ቃልህ ይቅና።»

ሳምንቱን በሙሉ ጻፍኩ፤ ቀደድኩ፤ ጻፍኩ። ግማሹ ማመልከቻ ስለ ልጄ፣ ግማሹ ስለ አምስተኛ ክፍል መምህሬ ሆኖብኝ ነው የቀደድኩት። ሐሙስ ዕለት አንድ ገጽ የማትሞላ ይዤ ሄድኩ። ምክትሉ ሳያነብ መለሰልኝ።

«ፈርመሃል አይደል?»

«ያነበብኩት ሰምቻለሁ የሚለውን ነው።»

«ፊርማ ፊርማ ነው።»

«ፋይሏንም ማየት እፈልጋለሁ።»

«ፋይል የመሥሪያ ቤት ነው። አልኩህ እኮ!» ወደ ከረባት ያሰረው ሰውዬ ዞረ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ አባትየውም አይሰማም ያለው።

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አልደብቅም፤ እናቱን አላነሳሁም፣ ሌላውን ሁሉ አንስቻለሁ። ጠረጴዛውን በቡጢ ስመታ የጸሐፊዋ ማኅተም ወደቀ። የጥበቃ ሠራተኛው መጥቶ በክንዴ ይዞ አወጣኝ። እሱም የምሠራለት በር ያለው ሰው ነው፤ እያፈረ ነው የያዘኝ። «በቃ ወንድሜ፣ በቃ» ይለኛል በጆሮዬ።

እትዬ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። «ስትጮህ የምትሰማህ ልጅህ ብቻ ናት» አለችኝ። «ሌላው ሰው ስትጮህ ጆሮውን ነው የሚዘጋው። ነገ አሥረኛ ቀንህ ነው፤ ተመለስ።»

ዓርብ ተመለስኩ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ለርዕሰ መምህርቷ ራሷ ሰጠሁ። የመመሪያውን ገጽ ከፍቼ አሳየኋት፤ አፌን አልከፈትኩም፣ ብከፍተው ምን እንደሚወጣ አላምነውማ። ረጅም ሴት ናት፣ ንግግር አታበዛም። አነበበች፣ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ማኅተም አስመታችልኝ፣ «ሰኞ ፋይሉን ታያለህ፤ ረቡዕ ስብሰባ» አለች። እሷም «አንተ» ነው ያለችኝ፤ ግን ለጸሐፊዋም ለምክትሉም «አንተ፣ አንቺ» ስለምትል ትቼላታለሁ።

ሰኞ ጸሐፊዋ ፊት ተቀምጬ ፋይሉን ገጽ በገጽ አገላበጥኩ። መልሳ መላልሳ ሰዓቷን ታያለች። አንደኛ ክፍል፦ አትሰማም። ሦስተኛ ክፍል፦ ደጋግሜ ነግሬያት አልሰማችም። አራተኛ ክፍል፦ ስትጠራ አትመልስም፣ ትንቃለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ የእኔም ስም ገብቷል፦ «አባትየው ረብሻ ፈጥሯል።» ሐሙስን ጽፈውት ኖሯል። እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ የምመዘግበው።

ሁለተኛ ክፍልን ያለፍኩት ገጹ ተጣብቆ ነው። በጥፍሬ አላቀቅኩት። እንዲህ ይላል፦ «ልጅቷ ጎበዝ ናት። ስትጠራ ካልተጮኸባት አትዞርም። ጆሮዋ ቢታይ ጥሩ ነው።» ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ የምክትሉ ፊርማና ቀን ያለበት፣ አንድ ቃል፦ «ታይቷል።»

ጆሮዋ ቢታይ። ታይቷል።

ታይቷል ከተባለ ታይቷል፤ ሐኪም አይቶት ደህና ነው ብሏል፤ እኔና እትዬ ያለ ነገር ስንባክን ነበር ማለት ነው። ገጹን በወረቀት ገልብጬ እንደያዝኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሚስቴ ልብስ እያጠበች ነበር።

«ጆሮዋን ማን አሳያት? አንቺ ነሽ?»

«የማንን ጆሮ?»

«የጢኒኖን! ሁለተኛ ክፍል ሳለች! እኔን ሳትነግሪ ሐኪም ቤት ወስደሻታል?»

«እኔ?» እጇ አረፋ እንደያዘ ተነሳች። «አንተ ሰውዬ ታመሃል እንዴ? ያኔ ለጉንፋን እንኳ የወሰድኳት አንዴ ነው፤ እሱንም አንተ ነህ ያዘልካት!»

ተጨቃጨቅን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንቺ ነሽ፣ አንተ ነህ። በመጨረሻ ነገሩ ገባን፤ ሁለታችንም አልወሰድናትም። እንግዲያው ማን አየው?

እትዬ የገለበጥኩትን አይታ ሳቀች፤ ቆይታ ደግሞ መሳቋን ተወች። «ሌላ ቀይ እስክሪብቶ አላየህም ፋይሉ ውስጥ?»

አይቻለሁ። የጠመኔ መጠየቂያ በስህተት እዚያ ገብቶ ነበር፤ «ታይቷል» ይላል። የአንዲት መምህርት የፈቃድ ጥያቄ፤ «ታይቷል» ይላል።

«ወረቀቱን አየሁት ማለቱ ነው» አለች። «ወረቀቱን እንጂ ጆሮዋን አይደለም። የቢሮ ሰው እንዲህ ጽፎ ወደ መዝገብ ቤት ይመራዋል። ከእሱ በኋላ ፋይሉን የከፈተ መምህር ሁሉ ጆሮዋ ተመርምሯል ብሎ አልፎታል።»

ሁለት ዓመት። በአንድ ቃል ሁለት ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች።

ማክሰኞን ያሳለፍኩት ቀስ ብሎ መናገር እየተለማመድኩ ነው። ሚስቴ ከማዶ ትቆማለች፣ እኔ አወራለሁ። «ከፍ አለ» ትላለች። ዝቅ አደርጋለሁ። «አሁን ደግሞ ለቅሶ ቤት የገባህ መሰለ።» ጢኒኖ መሃላችን ተቀምጣ አንዴ የእኔን፣ አንዴ የእናቷን ፊት ታያለች። ዝቅ ሳደርግ ትስቃለች፤ ከንፈሬ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያስቃታል መሰለኝ።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ገባን። ርዕሰ መምህርቷ፣ ምክትሉ፣ የክፍል ኃላፊዋ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊዋ፤ በዚህ በኩል እኔና ሚስቴ። ሚስቴ ከመግባታችን በፊት «ድምፅህ ከፍ ሲል እግርህን እረግጥሃለሁ» ብላኛለች። ተረከዝ ያለው ጫማዋን ነው ያደረገችው።

ምክትሉ ጀመረ። አንደበቱ የተባ ነው፣ አልክድም። ልጅቷ ክፍሉን ወደ ኋላ እየጎተተች መሆኑን፣ ልዩ ክፍል ለራሷ ጥቅም መሆኑን፣ ወላጅ አንብቦ መፈረሙን ተናገረ። «አንብቦ» ሲል አየኝ። እግሬ ተረገጠ፤ ገና ሳልናገር።

«የጆሮ ችግር ይኖርባት እንደሆነ ታስቧል?» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

«ታስቧል። ጆሮዋ ታይቷል፤ ፋይሉ ላይ ሰፍሯል።»

ፋይሉን ገልጦ አዞረላት። ተመለከተችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ልትከድነው ነው። ከከደነችው አለቀ።

«ማን አየው?» አልኩ።

ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። እኔው ራሴ እንኳ በደንብ አልሰማሁትም። ሁሉም ግን ዞሩ።

«ምን አልክ?» አለ ምክትሉ።

«ጆሮዋን። ማን አየው? የት ሐኪም ቤት?»

«ተጽፏል እኮ። ፊርማም አለው።»

«ፊርማው የእርስዎ ነው። እርስዎ ነዎት ያዩት?» እሱ አንተ ሲለኝ እኔ እርስዎ አልኩት፤ ይቺ ከባድ ነበረች። «የጠመኔው ወረቀት ላይም ታይቷል ብለዋል። የጠመኔውንም ጆሮ አይተዋል?»

የክፍል ኃላፊዋ ሳቋ አምልጧት ወዲያው አጎነበሰች። እግሬ ተረገጠ፤ ይሄኛው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ርዕሰ መምህርቷ ፋይሉን መልሳ ገለጠችው። ገጹን ለረጅም ጊዜ አየች። «ይህን የጻፍከው ለምንድነው?»

«ማለት… ወረቀቱ ደርሶኛል ለማለት ነው። እንደ አሠራር።»

«ልጅቷ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች?»

«ያንን እንኳ… ወላጅ ነው መከታተል ያለበት።»

«ለወላጅ ተነግሯል?»

ምክትሉ ከረባቱን ነካካ። የጸሐፊዋ እስክሪብቶ ቆመ። የክፍል ኃላፊዋ ልጅ እግር ናት፣ ገና ሁለተኛ ዓመቷ። ድንገት «እኔም ፋይሉን አይቼ ተመርምራለች ብዬ ነው» አለች። «ከኋላ ያስቀመጥኳት… ስለማትሰማ ነው። ከኋላ የማስቀምጠው የማይሰሙትን ስለሆነ።» ያለችውን ራሷ ስትሰማው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሚስቴ አለቀሰች። ቃለ ጉባኤው ላይ እሱ አልሰፈረም።

የተወሰነው ይህ ነው፦ ፊርማው ተነስቷል። ጢኒኖ አራተኛ ክፍሏ ውስጥ ትቆያለች፣ ከነገ ጀምሮ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፣ አስተማሪዋ ፊቷን ወደ እሷ አድርጋ ታስተምራለች። ለሐኪም ቤት ደብዳቤ ይጻፍላታል። የምርመራው ውጤት ሲመጣ እኛ ባለንበት በጽሑፍ የሚያዝ የትምህርት ዕቅድ ይወጣላታል። ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ምክትሉ ነው። የጆሮ ሐኪሙ ተራ የሚሰጠው ረቡዕ ረቡዕ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ዛሬ ካልደረሰ ለሚቀጥለው ሳምንት ያድራል።

ቃለ ጉባኤውን እንድፈርም ሰጡኝ። አነበብኩ። እያንዳንዷን ፊደል በጣቴ ተከትዬ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሁለት ገጽ። ምክትሉ ጠረጴዛውን በጣቱ ይደበድባል። ይደብድብ። «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» የሚለው ጋ ስደርስ ቆሜ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩ።

ኮሪደሩ ላይ ወጣን። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ዕረፍት ነው። ልጆቹ ግቢውን ሞልተውታል፣ ሦስት አራት መምህራን ሻይ ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ሚስቴ ጢኒኖን ልታመጣ ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ደብዳቤውን ለመጠበቅ ቀረሁ። ምክትሉ ከኋላዬ ወጣ። መምህራኑን ሲያይ ቆመ፤ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እሺ፣ የልጅህን ጆሮስ እናስለካለን» አለኝ። «ያንተን አፍ ማን ይለካልን?»

መምህራኑ ሳቁ። አራት ናቸው። አንዱ ሻዩ ትን ብሎት ነው የሳቀው፤ ቡናማ ጃኬት፣ የግራ እጅጌው ቁልፍ የለውም።

መልስ ነበረኝ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ መልስ በዕድሜዬ አንዴ ነው የመጣልኝ። ስድስት ቃል ነው፤ መጀመሪያው ያስቃል፣ መጨረሻው ያስለቅሳል። ምላሴ ላይ ቁጭ ብሏል። ለአምስተኛ ክፍል መምህሬም ለአማቴም የሚሆን ነው። ጉሮሮዬ ሲከፈት ይሰማኛል፣ ደረቴ ሲሞላ ይሰማኛል። ምክትሉም ያውቃል፤ ወደ ኋላ ግማሽ እርምጃ ሄዶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ይጠብቀኛል። ጩህልኝ ነው የሚለው። አንዴ ጩህልኝ።

በቀኝ እጁ ማስታወሻ ደብተሩን ይዟል፤ ብጮህ «ረብሻ» ብሎ ሊመዘግብበት። ደብዳቤው ገና አልተጻፈም። ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆማ «ስሟን እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው?» ትለዋለች።

ሰዓቱን አየሁ። ከዚህ ሐኪም ቤት በእግር አርባ ደቂቃ ነው፤ ልጅ ይዞ ሃምሳ።

ስድስቱን ቃላት አንድ በአንድ ዋጥኳቸው። ብረት የዋጥኩ ያህል ነው የወረዱት። ፊቴን አዞርኩ፤ በአጠገቡ አለፍኩ፤ የልጄን ስም ከነአባቷ ላስጽፍ ወደ ጸሐፊዋ ሄድኩ።